የባላገርን ማጀት ያከበረው ሠዓሊ፤ የዣን ፍራንሷ ሚሌ የሕይወት ታሪክ

ከጥንት ጀምሮ የአውሮፓ ታላላቅ ሠዓሊዎች ብሩሻቸውን ሲያነሡ ዐይናቸው የሚያርፈው በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን ላይ ነበር። ንጉሥ በዙፋኑ፥ የጦር አዛዥ በፈረሱ፥ ቅዱሳን በገድላቸው፥ የጥንት ግሪኮች አማልክትም በተረታቸው እየተመሰሉ በትልልቅ ሸራ ላይ ይሣሉ ነበር። ማለዳ ተነሥታ ውሃ የምትቀዳ፥ ሊጥ የምታቦካ፥ ወተት የምትንጥ፥ ሌሊትም በኩራዝ ብርሃን የባሏንና የልጆቿን ልብስ የምትጥፍ የባላገር ሴት ግን በሥዕል ውስጥ ቦታ ብታገኝ እንኳ ወይ ለማሣቂያ ወይ ለጌጥ ያህል በአንድ ጥግ የምትቆም ነበረች።

እርግጥ ነው፥ በ17ኛው መቶ ዓመት የሆላንዱ ሠዓሊ ቬርሜር ወተት የምትቀዳ ገረድ ሥሏል። በ18ኛውም መቶ ዓመት ፈረንሳዊው ሻርዳን የፓሪስን ማድ ቤትና የሠራተኞቹን ድካም በታላቅ ጥንቃቄ አሳይቷል። ነገር ግን እነዚህ የከተማ ቤቶች ነበሩ። የገጠሩን ጐጆ፥ የገጠሩን ምድጃና ጉድጓድ፥ በዚያም የምትደክመውን እናት ለነገሥታት ይሰጥ በነበረው ክብር የሣለ፥ ስለዚህም ሥራ ዕድሜውን ሙሉ ድኽነትንና ነቀፌታን የተቀበለ ሰው ዣን ፍራንሷ ሚሌ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና አስተዳደጉ

ሚሌ ኦክቶበር 4 ቀን 1814 ዓ.ም. በሰሜን ፈረንሳይ በኖርማንዲ አውራጃ፥ ከሼርቡር ወደብ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው በግሬቪል ደብር፥ ግሩሺ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ግሩሺ ከድንጋይ የተሠሩ ጥቂት ቤቶች ያሏት፥ በገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣ የባሕሩን ማዕበል ቁልቁል የምትመለከት መንደር ናት። ሰዎቿ መሬቱን ከማረስ በቀር ማዕበሉ ወደ ዳር የሚተፋውን የባሕር ሣር እየሰበሰቡ ለማሳቸው ማዳበሪያ ያደርጉት ነበር።

አባቱ የራሱ መሬት ያለው ገበሬ ሲሆን በእሑድ ቀን ደግሞ የደብሩን መዘምራን ይመራ ነበር። እናቱ እንደ አገሩ ልማድ ከባሏ ጋር በማሳ ትውላለች፤ ማታ ተመልሳም የቤቱን ሥራ ትይዛለች። ስለዚህ ስምንቱን ልጆች በአብዛኛው ያሳደገቻቸው አያታቸው ሉዊዝ ዡምለን ነበረች። ይህች አሮጊት ሃይማኖቷ የጠና፥ ለድኻና ለመንገደኛ በሯን የማትዘጋ ሴት ነበረች። ሚሌ የክርስትና ልጇም ስለ ነበረ ከሁሉ ይልቅ እርሱን ትወደው ነበር። ኋላ በሥዕሎቹ ውስጥ የሚታየው ጸጥታና አክብሮት ከዚህች ሴት ጕልበት ሥር የተማረው ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የደብሩ ቄሶች ልጁ አእምሮው ብሩህ መሆኑን አይተው ላቲን አስተማሩት። መጽሐፍ ቅዱስንና የሮማዊውን ባለቅኔ የቨርጂልን የእርሻ ግጥሞች እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ከእጁ አልለየም። ይሁን እንጂ የቤቱ የበኩር ወንድ ልጅ እንደ መሆኑ ትምህርቱን ለእርሻው መተው ግድ ሆነበት። ማረስና መዝራት፥ ሣር ማጨድና ነዶ ማሰር፥ መውቃትና ማንገዋለል፥ ፍግ መበተንም ቢሆን ያልሠራው የገበሬ ሥራ አልነበረም። በኋላ ዘመን በሸራ ላይ ያኖራቸው ሰዎች ወገባቸው እንዴት እንደሚጐብጥና ክንዳቸው እንዴት እንደሚከብድ ያወቀው በመመልከት ብቻ ሳይሆን በራሱ አጥንትና ጅማት ነው።

ወዳጁና የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው አልፍሬድ ሳንሲዬ እንደሚተርከው፥ ወጣቱ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ጐባጣ ሽማግሌ አይቶ በከሰል ሣለው፤ ቤተ ሰቡም ሽማግሌው ማን እንደሆነ ወዲያው ለዩት። አባትየው ራሱ ሥዕል ቢወድም ኑሮ ያልፈቀደለት ሰው ነበረና ልጁን ወደ ሼርቡር ወስዶ በ1833 ዓ.ም. ለአንድ ሠዓሊ በተማሪነት ሰጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ አባቱ ሞተ። ሚሌ እርሻውን ለመምራት ወደ ቤቱ ቢመለስም አያቲቱ የእግዚአብሔርን ስጦታ መቅበር አይገባም ብላ እንደገና ወደ ትምህርቱ እንዲመለስ አደረገችው። ቤቱን የሚይዝ ሌላ ጕልማሳ ሳይኖር ይህን መፍረድ ለሁለቱ ሴቶች ለአያቱና ለእናቱ ቀላል አልነበረም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእርሱ ድርሻ የነበረው የእርሻ ሸክም በእነርሱና በታናናሾቹ ላይ ወደቀ።

በፓሪስ የደረሰበት ችግር

የሼርቡር ከተማ ምክር ቤት ገንዘብ ቈርጦለት በ1837 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ኼደ፤ በዘመኑ ስሙ በገነነው በፖል ዴላሮሽ ዘንድም ተማረ። ነገር ግን የፓሪስ ተማሪዎች ተጫዋችና ቀልደኛ፥ እርሱ ደግሞ ዝምተኛና ግዙፍ የባላገር ልጅ ስለ ነበረ የዱር ሰው የሚል ቅጽል አወጡለት። በታላቁ የሉቭር ቤተ መዘክር ውስጥ የቀድሞዎቹን ሊቃውንት፥ ይልቁንም የሚኬላንጄሎንና የፑሰንን ሥራ ሲመለከት ይውል ነበር። በ1839 ዓ.ም. የከተማው ርዳታ ተቋረጠና የዕለት እንጀራውን ለማግኘት መልክ መሣልና የሱቅ ሰሌዳ መጻፍ ያዘ።

በ1841 ዓ.ም. ፖሊን ኦኖ የምትባል የሼርቡር ልጅ አገባ፤ እርሷም በሳምባ ነቀርሳ ታማ ከሦስት ዓመት በኋላ በፓሪስ ሞተች። ከዚያ በኋላ ካትሪን ለሜር ከምትባል፥ በሰው ቤት በገረድነት ታገለግል ከነበረች ወጣት ጋር ኑሮ መሠረተ፤ ዘጠኝ ልጆችም ወለዱ። የገዛ ሚስቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ጠርጋና ቀቅላ፥ አጥባና ሰፍታ ያደረች ሴት መሆኗ ለሥራው ትልቅ ነገር ነበር፤ በብዙዎቹ ሥዕሎቹ ውስጥ የምትታየው እርሷ ናት።

በዚያ ጊዜ ገዢ የሚያገኘው ራቁታቸውን የሆኑ ሴቶችን ሥዕል በመሥራት ነበር። ሳንሲዬ እንደሚለው አንድ ማታ ሁለት ሰዎች በሱቅ መስታወት ፊት ቆመው ሚሌ ከራቁት ሴት በቀር ሌላ የማይሥል ሰው ነው እያሉ ሲነጋገሩ ሰማ። ይህ ነገር ልቡን ስለ ወጋው ወደ ቤቱ ተመልሶ ለሚስቱ ነገራት፤ ኑሯቸው የባሰ እንደሚጠብብ እያወቁም ከዚያ ወዲያ ያንን ዓይነት ሥራ ሊተው ተስማሙ።

በ1848 ዓ.ም. እህል የሚያንገዋልል ገበሬ ሥሎ ሳሎን በሚባለው የመንግሥት የሥዕል ትርኢት ላይ አቀረበ። በዚያ ዓመት ንጉሡ ወርዶ ሪፑብሊክ ታውጆ ስለ ነበር የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ለድሩ ሮለን ሥዕሉን በ500 ፍራንክ ገዛው። ሆኖም ገንዘቡ እስኪደርስ ድረስ ቤተ ሰቡ እሳት በሌለበት ክፍል በረኃብ ሲቀመጡ ወዳጆቹ ደርሰውባቸዋል፤ ለልጆቹ ጥቂት ምግብ ተገኝቶላቸው ሲበሉ ባልና ሚስቱ ግን ሁለት ቀን ምንም አልቀመሱም ነበር ይባላል።

ባርቢዞን

በ1849 ዓ.ም. ፓሪስን የኮሌራ በሽታና ሁከት ስላስጨነቃት ሚሌ ቤተ ሰቡን ይዞ ከወዳጁ ከሠዓሊው ሻርል ዣክ ጋር ወደ ገጠር ሸሸ። ያረፉት ከፎንቴንብሎ ደን ዳር በምትገኘው ባርቢዞን በምትባል መንደር ነው። ለጥቂት ሳምንታት ብለው ኼደው ሚሌ ከጦርነቱ ወራት በቀር እስኪሞት ድረስ 26 ዓመት ተቀመጠባት። ጣራው ዝቅ ያለ የገበሬ ቤት ተከራየ፤ ጐተራ የነበረውንም ክፍል መሥሪያው አደረገ። ጠዋት ጓሮውን ይቈፍራል፥ አትክልት ይተክላል፤ ከምሳ በኋላ ብሩሹን ያነሣል።

ሚሌ በመንገድ ላይ ቆሞ ፊት ለፊት ያየውን ሁሉ የሚገለብጥ ሠዓሊ አልነበረም። በሜዳው ላይ ሲመላለስ አንድን ሁኔታ በአእምሮው ይይዝና ወደ ክፍሉ ተመልሶ አላስፈላጊውን እየቀነሰ፥ የሚጠቅመውን እያጐላ ይሠራው ነበር። ስለዚህ ሰዎቹ የአንድ መንደር ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ የማንኛውም አገር ገበሬ ይመስላሉ። ፊታቸው ብዙ ጊዜ በጥላ ውስጥ ነው፤ የሚናገረው ጀርባቸውና እጃቸው ነው።

በ1850 ዓ.ም. መጨረሻ በተከፈተው ትርኢት ዘሪውን አቀረበ። አንድ ገበሬ በምሽት ቁልቁለቱን እየተራመደ እጁን ዘርግቶ ዘር ይበትናል። በዚሁ ትርኢት ጉስታቭ ኩርቤ የተባለው ሌላ ሠዓሊ ድንጋይ ፈላጮችንና የአንድ ገጠር የቀብር ሥነ ሥርዓት አሳይቶ ነበርና የፓሪስ ባለጸጎች ደነገጡ። የ1848ቱ ዐመፅ ገና ከመታሰቢያ አልጠፋም፤ ድኻውን ገበሬ በታላቅነት መሣል እንደ ፖለቲካ ስብከት ተቈጠረ። ሚሌ ግን የማንም ወገን አባል አልነበረም። ያሳየው የሚያውቀውን ኑሮ ነው።

ከሁሉ የከፋው ኀዘኑ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። አያቱ በ1851 ዓ.ም. ሞተች፤ እናቱም ልጇን ከመሞቷ በፊት አንድ ጊዜ ለማየት እየናፈቀች በ1853 ዓ.ም. አረፈች። ሚሌ ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው የሁለቱንም ቀብር አልደረሰም። ከእናቱ ሞት በኋላ ውርስ ለመካፈል ወደ ግሩሺ በኼደ ጊዜ መሬቱን ለወንድሞቹና ለእኅቶቹ ትቶ ለራሱ የቄሱን የአያቱን ወንድም መጻሕፍትና አንድ አሮጌ የእንጨት ቁም ሣጥን ብቻ ወሰደ። ከዚያ ወዲያ የሣላቸው እናቶች ሁሉ ለእነዚያ ለሁለቱ ሴቶች የተከፈለ ዕዳ ይመስላሉ።

የቤት ሥራ በሥዕሎቹ ውስጥ

ብዙ ሰው ሚሌን የሚያውቀው በእርሻ ሥዕሎቹ ነው። ነገር ግን ከሥራው አንድ ትልቅ ክፍል የሚገኘው በደጃፍና በምድጃ አጠገብ ነው።

በ1854 ዓ.ም. ዳቦ የምትጋግር ሴት ሣለ። ሴቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ በትልቅ እቶን ፊት ቆማለች፤ ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ረጅም እንጨት ሊጡን ወደ እሳቱ ውስጥ ትሰዳለች። እጅጌዋ ተሰብስቧል፤ ክንዷ የወንድ ያህል ወፍራም ነው፤ እግሮቿም ክብደቱን ለመቻል መሬቱን ረግጠዋል። የኖርማንዲ ሴት ዳቦ፥ የሐማሴን ወይም የጎንደር ሴት እንጀራ ብትጋግርም ፊትን የሚለበልበው እሳትና ዐይንን የሚያስለቅሰው ጢስ አንድ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሥዕል ለመረዳት ፈረንሳይኛ ማወቅ አያስፈልግም። ሥዕሉ ዛሬ በሆላንድ አገር ኦተርሎ በሚገኘው ቤተ መዘክር ይታያል።

ቅቤ የምትንጠውን ሴት ደግሞ ደጋግሞ ሣላት። ዕቃው እንደ ሐበሻው ቅል ወይም ገንቦ የሚወዘወዝ አይደለም፤ የቆመ ረጅም የእንጨት ዕቃ ሆኖ በመካከሉ ዘንግ እየወጣና እየወረደ ወተቱን ይመታዋል። ሴቲቱ ዘንጉን በሁለት እጅዋ ጨብጣለች። ቀላል የሚመስለው ይህ ሥራ ለረጅም ሰዓት ሲደረግ ትከሻን ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ ሰው በአቋቋሟ ውስጥ ያነበዋል።

ከጉድጓድ ውሃ ቀድታ በሁለት እጅዋ ባልዲ ይዛ የምትመለሰውን ሴት በሚመለከት ሚሌ ለአንድ ሐያሲ በጻፈው ደብዳቤ ሐሳቡን ገልጧል። ይህች ሴት በደመወዝ ውሃ የምታመላልስ ወይም የሰው ገረድ እንዳትመስል መጠንቀቁን፥ የምትቀዳውም ለቤቷ፥ ለባሏና ለልጆቿ ሾርባ መሥሪያ መሆኑ እንዲታወቅ መፈለጉን አስረድቷል። ሸክሙ ከሚያስጨፈግገው ፊቷ በስተ ኋላ እንደ ሌላው የቤት ሥራዋ ሁሉ ያለ ማጕረምረም የምትፈጽመው ግዳጅ መሆኑ እንዲታይም ተመኝቷል። እንስራ አዝላ ዳገት ለምትወጣ እናት ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

በ1860 ዓ.ም. የተሣለው ሌላው ሥዕል ሦስት ሕፃናት በቤታቸው ደፍ ላይ ተደርድረው ተቀምጠው ያሳያል። እናታቸው በአጭር በርጩማ ላይ ወደ ፊት ጐንበስ ብላ በእንጨት ማንኪያ በተራ ታጐርሳቸዋለች፤ መካከለኛው ሕፃን እንደ ወፍ ጫጩት አፉን ከፍቷል። ከቤቱ በስተ ጀርባ አባትየው በጓሮ ሲቈፍር ይታያል። አንዱ ይቈፍራል፥ ሌላዪቱ ታጐርሳለች፤ የአንድ ቤት ኑሮ በዚያች ትንሽ ሸራ ላይ ተጠቃሏል። ሥዕሉ የሚገኘው በሊል ከተማ ነው።

ከእነዚህም ሌላ ሱፍ የምታበጥር፥ ክር የምትፈትል፥ ለትንሽ ልጅዋ ሹራብ መሥራት የምታስተምር፥ ልብስ አጥባ ከወንዝ የምትመለስ፥ የሚተኛ ሕፃን አጠገብ በመብራት የምትሰፋ ሴት ሥሏል። ይኸው የመጨረሻው በ1870 እና በ1872 ዓ.ም. መካከል የተሠራ ሲሆን ዛሬ በኒው ዮርክ ይገኛል። ብርሃኑ ከአንዲት ትንሽ መብራት ወጥቶ በሴቲቱ ፊትና እጅ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ሌላው ሁሉ ጨለማ ነው። በዚያ ዘመን ፋብሪካዎች የእጅ ፈትልንና የቤት ሽመናን እያጠፉ ስለ ነበር እነዚህ ሥዕሎች ሊያልፍ የተቃረበን ኑሮ ለተከታዩ ትውልድ ያቈዩ መዝገቦችም ናቸው።

በ1864 ዓ.ም. ባቀረበው ሥዕል ሁለት ሰዎች በሜዳ የተወለደ ጥጃ በእንጨት ላይ አድርገው ወደ ቤት ሲሸከሙ፥ ላሚቱ እየላሰችው ስትከተል፥ አንዲት ሴት አብራት ስትራመድ፥ ልጆችም በደጃፍ ሲጠብቁ ይታያል። የፓሪስ ሰዎች ጥጃውን እንደ ቅዱስ ቍርባን ተሸከሙት እያሉ አፌዙ። ሚሌ የመለሰው የተሸካሚ ሰው ሁኔታ የሚወሰነው በሸክሙ ክብደት ነው በሚል ነበር፤ ታቦትም ይሁን ጥጃ፥ ወርቅም ይሁን ድንጋይ፥ ሚዛኑ አንድ ከሆነ የክንዱ መዘርጋትና የትከሻው መውረድ አንድ ነው። የጥበቡ ምሥጢር በዚህ ውስጥ ይገኛል። የሥራን ክብር በቃል አላወጀም፤ ሥራ በሰው አካል ላይ የሚጥለውን ክብደት በትክክል አሳየ እንጂ።

ቃራሚዎቹ

በ1857 ዓ.ም. ዝነኛ የሆነውን የቃራሚዎቹን ሥዕል አቀረበ። ሦስት ድኻ ሴቶች ከአጫጆች በኋላ የወደቀውን ዛላ ይለቅማሉ፤ ሁለቱ እስከ መሬት ጐንብሰዋል፥ ሦስተኛዪቱ ግማሽ ቀና ብላ የሰበሰበችውን ታስተካክላለች። በሩቅ ክምሩ እንደ ተራራ ቆሟል፤ ጋሪ ይጫናል፤ በፈረስ ላይ የተቀመጠ አለቃ ይቈጣጠራል። መጽሐፈ ሩትን ያነበበ ሰው ይህ ልማድ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ያውቃል፤ ሚሌም ከጥቂት ዓመታት በፊት የሩትንና የቦዔዝን ታሪክ በአጫጆች ዕረፍት መስሎ ሥሎ ሜዳሊያ አግኝቶበት ነበር።

ለእነዚህ ሴቶች ቃርሚያ መጫወቻ አልነበረም፤ የክረምት ዳቧቸው ነበር። የሚፈቀድላቸውም መከሩ ከተነሣ በኋላ ፀሐይ እስክትጠልቅ ብቻ ነው። አንዳንድ ሐያስያን ከሴቶቹ በስተ ጀርባ የአብዮት ጦር ተሰልፎ የታያቸው ያህል ጮኹ፤ ሌሎችም አስቀያሚነታቸውን ነቀፉ። ሚሌ 4 ሺህ ፍራንክ ጠይቆበት በ3 ሺህ ለመሸጥ ተገደደ።

ከነቀፌታው መካከል ግን የወዳጅ ፍቅር አልተለየውም። በባርቢዞን የሚኖረው ሠዓሊው ቴዎዶር ሩሶ በ1855 ዓ.ም. ሚሌ ዛፍ የሚያዳቅል ገበሬ ሥሎ ገዢ ባጣ ጊዜ፥ ኩራቱን እንዳይነካበት አንድ አሜሪካዊ ባለጸጋ ፈለገው ብሎ በራሱ ገንዘብ በ4 ሺህ ፍራንክ ገዛው። ሚሌ የእውነተኛውን ገዢ ማንነት ያወቀው ዘግይቶ ነው።

የማታው ደወል

ቶማስ አፕልተን የተባለ የቦስተን ሰው በ1857 ዓ.ም. አንድ ሥዕል አዘዘው፤ ነገር ግን ሳይወስደው ቀረ። በሥዕሉ ላይ አንድ ባልና ሚስት ድንች በሚቈፍሩበት ማሳ ላይ ቆመው አንገታቸውን ደፍተው ይጸልያሉ። ሹካው በመሬት ተተክሏል፥ ቅርጫቱ ከእግራቸው ሥር ነው፥ ከአድማስ ዳር የቤተ ክርስቲያን ጫፍ ይታያል። ሐሳቡ የመጣለት ከአያቱ ትዝታ መሆኑን ሚሌ ራሱ ጽፏል፤ በልጅነቱ የማታው ደወል ሲደወል አሮጊቲቱ የሁሉንም ሥራ አስቁማ ለሙታን ታጸልያቸው ነበር። ሸራው ትልቅ አይደለም፤ ቁመቱ 55 ወርዱም 66 ሳንቲሜትር ያህል ነው። በ1860 ዓ.ም. በ1 ሺህ ፍራንክ ገደማ ተሸጠ።

በ1863 ዓ.ም. ደግሞ በዶማው ላይ ተደግፎ ትንፋሹን የሚሰበስብ ሰው ባቀረበ ጊዜ ነቀፌታው ከመቼውም ይልቅ በረታ። ሰውየው እንስሳ ይመስላል፥ ደንቈሮ ነው ተባለ። ሚሌ ግን ከሰል ለባሾቹ የፓሪስ ሐያስያን ላብ በግንባር የመብላትን የዘፍጥረት ፍርድ ረስተውታል የሚል እምነት ነበረው። ይኸው ሥዕል በ1899 ዓ.ም. በአሜሪካ ኤድዊን ማርካም የተባለውን ባለቅኔ አነሣሥቶ ስለ ሠራተኛ መብት ትልቅ ክርክር አስነሥቷል።

የመጨረሻ ዘመኑ

ድካሙ ዘግይቶም ቢሆን ፍሬ አፈራ። በ1860 ዓ.ም. ነጋዴዎች በወር 1 ሺህ ፍራንክ ሊከፍሉት ለሦስት ዓመት ተዋዋሉት። በ1867 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የዓለም ትርኢት ዘጠኝ ሥዕሎቹ ቀርበው የአንደኛ ደረጃ ሜዳሊያ ተሸለመ፤ በተከታዩም ዓመት የሌዥዮን ዶነር ኒሻን ተሰጠው። በዚያው በ1867 ዓ.ም. ግን ወዳጁ ሩሶ ሞቶበት ነበርና ደስታው ሙሉ አልሆነም።

በ1870 ዓ.ም. ፈረንሳይና ፕሩሲያ ሲዋጉ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ሼርቡር ሸሸ፤ የልጅነቱንም ባሕርና የግሬቪልን ቤተ ክርስቲያን እንደገና ሣለ። በ1871 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ባርቢዞን ተመለሰ። በ1874 ዓ.ም. መንግሥት በፓሪስ የፓንቴዎንን ግድግዳ በከፊል እንዲሥል ቢያዝዘውም ጤናው አልፈቀደለትም። በጃንዋሪ 1875 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካትሪን ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጸሙ፤ በዚያው ወር በ20ኛው ቀን በ60 ዓመቱ ዐረፈ። የተቀበረውም በሻዪ ከወዳጁ ከሩሶ አጠገብ ነው። ራሱ በሞት አፋፍ ላይ የነበረው ሽማግሌው ሠዓሊ ኮሮ ለመበለቲቱና ለልጆቿ 10 ሺህ ፍራንክ ሰጠ።

ከሞተ በኋላ

ሚሌ ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ፥ በ1889 ዓ.ም. በፓሪስ ሐራጅ የማታው ደወል ሥዕል 553 ሺህ ፍራንክ አወጣ። አሜሪካኖች ወስደው በየከተማው ካሳዩት በኋላ ሾሻር የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ከዚህም በበለጠ ዋጋ ገዝቶ ለአገሩ መለሰው፤ ሲሞትም ለሉቭር አወረሰው። የቃራሚዎቹ ሥዕል ቀደም ሲል በወይዘሮ ፖመሪ ስጦታ ለሕዝብ ሆኖ ነበር። ሁለቱም ዛሬ በፓሪስ በኦርሴ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። በሸራው ላይ ሚልዮን የሚጠጋ ገንዘብ ሲለዋወጥ ግን የሠራው ሰው ቤተ ሰብ ከዚያ አንዲት ሳንቲም እንኳ አልደረሰውም። ይህ ያለ ሚዛን የሆነ ነገር የብዙ ሰው መነጋገሪያ ሆኖ፥ ፈረንሳይ በ1920 ዓ.ም. ሥዕል እንደገና በተሸጠ ቍጥር ሠዓሊው ወይም ወራሾቹ ድርሻ እንዲያገኙ የሚያዝዝ ሕግ እንድታወጣ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው።

በጥበቡ መንገድ ከተከተሉት ሁሉ ታላቁ የሆላንዱ ቪንሰንት ቫን ጎግ ነው። ሚሌን እንደ አባት ይቈጥረው ነበር፤ በ1885 ዓ.ም. በኩራዝ ብርሃን ድንች የሚበሉ ገበሬዎችን የሣለው በዚህ መንፈስ ነው። በ1889 እና በ1890 ዓ.ም. ታሞ በሕክምና ላይ ሳለም ከሃያ የሚበልጡ የሚሌን ሥራዎች በራሱ ቀለም እየመሰለ ሥሏቸዋል።

የሚሌን ሕይወት መለስ ብሎ የሚመረምር ሰው አንድ ነገር ያስደንቀዋል። የሌሎችን ዳቦ በዚያን ያህል ክብር የሣለ ሰው በገዛ ቤቱ ዳቦ ያጣበት ቀን ብዙ ነበር፤ የእናቶችን ድካም ለዓለም ያሳየው ልጅ የራሱን እናት ዐይን ለመክደን አልታደለም። ገበሬውን አላቈላመጠውም፤ ጌታውንም አልሰደበም። ውሃ መቅዳት፥ ማቡካት፥ መፍተልና ማጕረስ በየቀኑ ስለሚደረጉ ብቻ ሰው እንደ ምንም የሚያያቸው ሥራዎች ናቸው፤ አንድ ቀን ቢቋረጡ ግን ቤትም መንግሥትም አይቆምም። ንጉሥም ሠራዊትም ጠዋት የሚነሡት አንዲት ሴት ከእነርሱ ቀድማ ተነሥታ እሳት ስላነደደች ነው። ሚሌ ይህን የተረዳው በአያቱ ቤት ነው፤ ያስተማረውም በሸራው ነው። ወንዶች በደጅ ስለሚሠሩት ጀብዱ በየአገሩ ሐውልት ይቆማል፤ በማጀት ስለሚሠራው ሥራ ግን እንደ እርሱ ያለ ሐውልት ያቆመ ጥቂት ነው።